ግስ እያወረዱ መሮጥ

ሩጫ አልወድም ነበር። እንደ ብዙ ሰው ለመሮጥ ሰነፍ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ተማሪዎቼን ስለሚወስድብኝ ተቀይሜው ነበር። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በነዚያ ዓመታት ከአርሲ በኩል፣ ከመቂ፣ ከባቱ የመጡ ቀጫጭን ልጆች ክፍሌ ውስጥ ይቀመጡና አንድ ሰኞ ጠዋት ወንበራቸው ባዶ ይሆናል። "የት ሄደ?" ስል "ሊሮጥ" ይሉኛል። አብዛኞቹ የትም አልደረሱም። አንዳንዶቹን ከዓመታት በኋላ ባጃጅ ሲነዱ አገኛቸዋለሁ። "ከእርስዎማ አልቀበልም፣ ቲቸር" ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያዞረ በር በሚያንኳኳበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እውነተኛ ሰው በሬን አንኳኳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ቀኝ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ነው።

"ቲቸር፣ አወቁኝ?"

አላወቅኩትም።

"ዘጠነኛ ክፍል። መስኮቱ ጋ። የሚተኛው።"

ያኔ አወቅኩት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ ይተኛ ነበር። አንድ ቀን ታከተኝና ጠረጴዛውን በመጽሐፍ መትቼ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ "እዚህ የምትተኛ ከሆነ ቤትህ ሄደህ ተኛ" አልኩት። ደብተሮቹን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሮጦ እንደሚመጣ የነገሩኝ ጓደኞቹ ናቸው፤ የነገሩኝም እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

አስገባሁት። ውሃ ጠጣና የመጣበትን ነገር በቀጥታ ነገረኝ። አሥር ዓመት ያህል በየአገሩ ማራቶን ሮጧል። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ወደ አዳማ ተመልሶ ቤት ተከራይቷል። ስምንት ልጆች ሰብስቧል። ጠዋት ያሯሩጣቸዋል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይልካቸዋል።

"ውጭ አገር ያሉ ኮሌጆች ጥሩ ሯጭ ይፈልጋሉ፣ ቲቸር። ለሚሮጥላቸው ልጅ ትምህርቱን በነፃ ይሰጡታል። ግን ሰዓት ብቻ አይበቃም። የክፍል ውጤት ይጠይቃሉ፣ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛውን እርስዎ ያስተምሩልኝ።"

"አንተን ያባረርኩህ እኔ ነኝ እኮ" አልኩት። "ከዚህ ሁሉ አስተማሪ ለምን እኔን አሮጊቷን?"

"ስተኛ ያዩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌሎቹ መኖሬንም አያውቁም ነበር።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን እያሻሸ፣ "ስንት ወረቀት ፈርሜያለሁ መሰለዎት። አንዱንም አላነበብኩትም። እነዚህ ልጆች እንደኔ እንዲሆኑ አልፈልግም" አለ።

በማግስቱ ሄድኩ።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ የቆመበት ቤት ነው። በረንዳው ላይ የሩጫ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ታጥበው፣ ሁሉም አርጅተው። አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። በመጡበት ከተማ ስለሚጠራሩ እኔም ለመድኩት፤ ባቱ፣ አሰላ፣ መቂ። ሕጉ አንድ ነው፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ በማግስቱ ጠዋት አይሮጥም። ሌላ ቦታ ልጅን የሚቀጡት በማስሮጥ ነው። እዚህ ቤት ግን ቅጣቱ አለመሮጥ ነው፤ ሲቀጡም አይቻለሁ። አንድ ትልቅ ጎረምሳ ጫማውን ታቅፎ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ላይ አንዲት ልጅ አልቀመጥ አለችኝ። መቂ የሚሏት ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደብተሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከኋላ ቆማለች።

"ወንበር አለ እኮ፣ ተቀመጪ" አልኳት።

"ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ቲቸር" አለች፤ ቃላቱን እየመረጠች፣ ከቤቷ ቋንቋ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እያመጣቻቸው። "ጠዋት ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጠናል። ስቆም አይወስደኝም።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ ተማረች። በማግስቱም ቆማ ተማረች። ከዓመታት በፊት መስኮቱ ጋ የተኛውን ልጅ አሰብኩና ለቀሪው ትምህርት ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለሁ ያህል ተሰማኝ።

እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር። ግን ቃል ስነግራት ቃሉን እንደ ዕቃ ገልብጣ ታየዋለች። ግሶችን ያስተማርኩ ቀን እጇን አወጣች። "ረን፣ ራን፣ ረን" አለች። "ቲቸር፣ ይሄ ግስ ሮጦ ሮጦ የተነሳበት ተመለሰ። የሮጠ ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኛቸው የሆነው የድሮ ተማሪዬ ግን አልሳቀም። እሱም ከኋላ አንድ ወንበር ላይ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚይዘው ዓይነት ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ከልጆቹ ጋር እየጻፈ ነበር። ግስ እሱም ይማራል።

በሦስተኛው ወር ሲሮጡ ለማየት ጠየቅኩ። አዳማ ለከባድ ልምምድ ይሞቃል፣ መሬቱም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን አሰልጣኙ በአሮጌ ሚኒባስ ወደ ኢተያ ዳገት ይዟቸው ይወጣል። ከሙቀት ወጥተን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ብርድ ውስጥ ገባን። ሁለቱም ጎን የስንዴ ማሳ ነው፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። እኔ ነጠላዬን ተጠቅልዬ መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው ሄዱ።

መጀመሪያ ቀስ ብለው ያሟሙቃሉ። ሲመለሱ ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ዘፈን መሰለኝ። ቀረብ ሲሉ ግን የገዛ ትምህርቴ ነው! አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን! ራይት፣ ሮት፣ ሪትን!" በእግራቸው ምት ግስ እያወረዱ ይሮጣሉ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ በግርምት ያያቸዋል። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በሕይወቴ ሙሉ ያን ግስ በልምጭም፣ በልመናም፣ በፈተናም ሳስጠና ኖሬያለሁ፤ በደስታ የሚጮህ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ፍጥነቱ መጣ፤ ያኔ ወሬው ሁሉ ቆመ። አሰልጣኙ የሩጫ ሰዓቱን እጄ ላይ አስቀመጠና "መቂ እዚህ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ይጫኑት" አለኝ። ጠበቅኩ። መጀመሪያ የጫማዋን ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ዓይነት፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የማይዛነፍ። ከዚያ እሷ ታየች። ፊቷ ክፍል ውስጥ የማውቀው ፊት አልነበረም። ክፍል ውስጥ ግንባሯ እንደተቋጠረ ነው። እዚህ ግን ግንባሯ ተፈትቷል፣ ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ ዓይኗ ከሩቅ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተተክሏል። በአጠገቤ ስታልፍ የተነሳው ነፋስ ነጠላዬን ነካው። ያ ጉልበት ያን ከምታህል ልጅ ከየት ይወጣል? ዓይኔ እስኪያጣት ድረስ ተከተልኳት።

"ስንት ሆነ?" አለ አሰልጣኙ።

እጄን አየሁ። ሰዓቱን አልተጫንኩትም። ማፈሬን አይቶ ሳቀ። "ግድ የለም። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ይረሳል።"

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ስለተናገርኩት ነገር ይቅርታ ጠየቅኩት። መንገዱን እያየ፣ "እኔ እኮ ቤት ሄጄ ተኛሁ፣ ቲቸር። የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት" አለና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ከመቂ ከተማ ስልክ መጣ። የልጅቷ አባት ነው፤ "ትምጣ፣ ይበቃል" ይላል። ማናጀር ነኝ የሚል ሰው ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ ልጅቷን አሁኑኑ ውጭ ወስዶ ሊያሯሩጣት እንደሚፈልግ ለአባትዬው ነግሮታል። ትምህርቱን ምን ያደርግላታል ብሎታል። እሷ ዜናውን ስትሰማ ልብሷን በፌስታል ማድረግ ጀመረች።

በማግስቱ እኔ፣ አሰልጣኙና እሷ ሦስታችን መቂ ወረድን። አባቷን ያገኘነው ማሳው ላይ ነው፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር እየጮኸ፣ እሱ የመድኃኒት መርጫውን ተሸክሞ ቲማቲም መሐል። ወደ መንገዱ በኩል ደላላዎች አይሱዙ ላይ ሳጥን ያስጭናሉ። አሰልጣኙ "አካም ጅርቱ" ብሎ ቀረበ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጤናው እየተጠያየቁ ቆዩ። ከዚያ አባትዬው መርጫውን አውርዶ ሞተሩን አጠፋና ዛፍ ጥላ ስር አስቀመጠን። ለኔ ሲል በአማርኛ ተናገረ።

"መምህር፣ እኔ ክፉ አባት አይደለሁም። ልጄ እግር አላት። እግር ደግሞ ያረጃል። አራት ዓመት ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ቢያልፍበትስ?"

መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበርና ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

አባትዬው ልጁን አያት። ከጎኑ የነበረውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ አነሳና ሰጣት። ላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም የጉንዳን እግር የሚያክል። "ተምሬያለሁ ካልሽ ይሄን አንብቢልኝ። ስምንት ዓመት ስረጨው ምን እንደሚል አላውቅም።"

ከቃላቱ ግማሹን እኔም በእርግጠኝነት አላውቀውም። ልጅቷ ዕቃውን ወደ ብርሃን አዙራ ያዘች። እንደ ልማዷ ቆማለች። አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ዝም ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ በኦሮምኛ ትነግረዋለች። ኦሮምኛዬ ትንሽ ቢሆንም ተከተልኳት። ጓንት ይደረግ። ዓይን እንዳይነካ። ከነፋስ ፊት ቆሞ አይረጭ። ያልገባት አንድ ቃል ላይ ስትደርስ "ይሄን አላውቀውም" አለች እንጂ አልዋሸችም። መጨረሻ አካባቢ ቆም አለች፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ አባቷን ቀና ብላ አየችው።

"ከተረጨ በኋላ ሰባት ቀን ሳይሞላ አይለቀምም ይላል።"

አባትዬው ጣቶቹን ተመለከተ። ቆዳቸው ተላልጧል። "እኛ በሦስተኛው ቀን እንለቅማለን" አለ ቀስ ብሎ። "ደላላው ሲመጣ እንለቅማለን። ልጆቹም ከማሳው ይበላሉ።"

ከመንገዱ የአይሱዙው ጥሩምባ ይሰማል። ከዚያ አባትዬው ከጃኬቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። ማናጀር ነኝ ያለው ሰውዬ እንዲፈርም የተወለት ውል ነው። "ይሄንንም።"

አነበበችለት። ለአምስት ዓመት ለሌላ ሰው መሮጥ አትችልም። ፓስፖርቷን የሚይዘው ማናጀሩ ነው። ብትጎዳ የሚመለከተው ነገር የለም። ይህን ሁሉ ሳታለቅስ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ስለ ሌላ ሰው የምታነብ ያህል ተረጋግታ አነበበችለት። አሰልጣኙ ተነስቶ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። ምን እያሰበ እንደነበር መገመት አላቃተኝም።

አባትዬው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ነገ ይመጣል፤ የምነግረውን እነግረዋለሁ" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "መምህር፣ ይዘሻት ሂጂ" አለኝ። እኔ ግን ምን አስተምሬያት ነው? ያን ጽሑፍ አላስተማርኳትም። ከአዳማ አሮጌ መጻሕፍት ተራ አንድ ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላት አግኝታ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ስታጠና እንደነበር ያወቅኩት በመመለሻችን ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ለመውሰድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ሰነበተች፤ ብዙ ልጅ በወደቀበት ዓመት አለፈች። ለውጭ ኮሌጆች የሚፈለገውን የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ወደቀች። ደግማ ወስዳ አለፈች። አንድ ኮሌጅ የሩጫ ሰዓቷን አይቶ "እንወስድሻለን" ብሎ ጻፈ፤ ቤቱ በጭፈራ ተናወጠ። ልትሄድ ሁለት ወር ሲቀራት ቅልጥሟን አመማት። ሐኪሙ አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ለወራት አትሮጥም አለ።

አሰልጣኙ ለኮሌጁ እንዳንናገር ፈለገ። "እዚያ ከደረሰች በኋላ ያክሟታል" አለ። ፈርቶ ነው፤ አልፈረድኩበትም፣ እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። እሷ ግን ማንጎው ስር ቁጭ ብላ በራሷ እጅ ደብዳቤ ጻፈች። እግሬ ተጎድቷል፣ መቼ እንደምሮጥ አላውቅም፣ መማር ግን እፈልጋለሁ የሚል። አምጥታ ሰጠችኝ። ሁለት ስህተት ነበረበት። ብዕሬን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

"አያርሙት፣ ቲቸር። እኔ የምናገረው እንዲህ ነው።"

በሥራ ዘመኔ ስህተት አይቼ ያለፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኮሌጁ በትህትና መለሰ፤ ቦታው ለሌላ ሯጭ ተሰጠ። አንድ ቀን ሙሉ ከክፍሏ አልወጣችም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ስገባ በክራንች ተደግፋ ከኋላ ቆማ አገኘኋት። መሮጥ ባትችልም ጠዋት ጠዋት በሚኒባሱ ኢተያ ትወጣ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ሲያልፉ ግሱን ትጀምርላቸዋለች። በአምስተኛው ወር መራመድ፣ በስድስተኛው መሮጥ ጀመረች። እኔ በዚህ ሁሉ መሐል፣ የወደቀችበትን ቀን ቆጥራ ስታማርር አልሰማኋትም። ሰው እንዲህ ሆኖ እንደሚፈጠር አላውቅም ነበር።

በዓመቱ ሌላ ኮሌጅ፣ ከመጀመሪያው ያነሰና ስሙን ሰምተን የማናውቀው፣ ተቀበላት። ስለ ጉዳቷም ነግራቸው ነበር።

ከመሄዷ በፊት አባቷ አዳማ መጣ። ልጁ ስትሮጥ አይቶ እንደማያውቅ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ ዋንጫ ይዛ ስትመጣ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ኢተያ ይዘነው ወጣን። እሱ መጀመሪያ ያየው ስንዴውን ነው፤ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ አሸ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከዳገቱ ስር ብቅ አሉ።

"የትኛዋ ናት?" አለኝ።

"ፊተኛዋ።"

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየ። እየቀረበች መጣች። አባቷ መንገዱ ዳር ቆሞ እንዳለ ታውቃለች፤ ግን አልዞረችም፣ ፍጥነቷንም አልቀነሰችም። በአጠገባችን ስታልፍ፣ ያ ሽማግሌ ሰው በድንገት፣ በላስቲክ ጫማው፣ ጃኬቱን በእጁ ይዞ፣ ከጎኗ ሮጠ! አሥር እርምጃ፣ ምናልባት አሥራ አምስት። ከዚያ ሊደርስባት ወደማይችልበት ርቀት ጥላው ሄደች፤ እሱ ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል፣ ይስቃል፣ እንባው ይወርዳል።

"አላህ!" አለ ትንፋሹ ሲመለስ። "ይሄ ነገር ቤቴ ውስጥ ነበር እንዴ?"



ሄደች። አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ የዕፅዋት ሳይንስ ትማራለች። ከስምንቱ ሌላ አንድ ልጅ ሄዷል። ሁለቱ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ሦስቱ በየክለቡ ይሮጣሉ፤ አንዱ ሩጫውንም ትምህርቱንም ትቶ ባቱ ሱቅ ከፍቷል፣ ስናልፍ ውሃ ሳያጠጣን አይለቀንም። አሰልጣኙ የማታ ትምህርት ተመዝግቦ አሥረኛ ክፍል ደርሷል። ቤቱ ውስጥ አዳዲስ ልጆች ገብተዋል፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ።

ባለፈው እሁድ ደወለች። ብርዱ ሌላ ብርድ ነው አለችኝ፤ ጭቃ ላይ ሮጣ አራተኛ ወጥታለች። "አራተኛ! እንኳን ደስ አለሽ!" አልኳት። እሺ፣ እሺ እያለች አቋረጠችኝ። ነገ የኬሚስትሪ ፈተና አለባት፤ ስለ ቅጠልና ስለ መርዝ አንድ ነገር ልታስረዳኝ ሞከረች፣ ግማሹ አልገባኝም። "ልዝጋ፣ ቲቸር፣ ገና ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል" አለችና ስልኩን ዘጋችው።